ቶስተር የገባ ስንቅ

ስንቅ መጀመሪያ የሚመዘነው በቆይታው ነው። ስንት ቀን ሳይበላሽ ይሰነብታል? ቀጥሎ አያያዙ ይጠየቃል፦ ኪስ ያቆሽሻል? ይፈረፈራል? እጅ መታጠቢያ ያስፈልገዋል? ጣዕም ሦስተኛ ነው። ከመንዝ በሶ ቋጥሮ መንገድ የሚወጣ ሰው እህሉን የሚያየው በዚህ ዓይን ነው። ባሕር ማዶ ሠራሹን የቶስተር ፔስትሪ፣ በተለይም «ኦርጋኒክ» የሚል ማኅተም የተለጠፈበትን፣ እኔም በቁርስነቱ ሳይሆን በስንቅነቱ ልመዝነው እወዳለሁ። በስንቅ በኩል ሰሜን ሸዋ የሚያበድረው እንጂ የሚበደረው ብዙ የለም።

ላላየው ሰው፣ የቶስተር ፔስትሪ ማለት ሁለት ስስ የሊጥ ቅጠሎች በመካከላቸው ማርማላታ ተቀብቶ፣ ዙሪያቸው ተጨፍልቆ ተዘግቶ የተጋገረ ነገር ነው። ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል፤ ቅርጹ አራት ማዕዘን የሆነውም የቶስተሩን፣ ማለትም የዳቦ መጥበሻውን መሣሪያ፣ ቀዳዳ እንዲገጥም ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በስሏል፤ ቶስተሩ ማሞቂያ ብቻ ነው፣ ቀዝቃዛውንም መብላት ይቻላል። በአሜሪካ ፖስት የተባለው ኩባንያ «ከንትሪ ስኩዌርስ» ብሎ የሰየመውን ገና ገበያ ሳያደርስ ለሕዝብ አስወራ፤ ተፎካካሪው ኬሎግ ወሬውን ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1964 «ፖፕ ታርትስ»ን ቀድሞ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ከላያቸው ስኳር አልነበረባቸውም። ቶስተር ውስጥ የማይቀልጥ የስኳር ቅብ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

ያለ ማቀዝቀዣ እንዴት ይቆያል? በማርማላታው ውስጥ ውሃ አለ፤ ነገር ግን ስኳሩ አስሮታል። ሻጋታ ውሃውን ሊጠጣ ቢሞክር አያገኘውም። ማር የማይሻግተውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛው ጭኮ ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል፦ ውሃውን ማሰር ሳይሆን ጨርሶ አለማስገባት። ለ1 ኪሎ በሶ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ንጥር ቅቤ፣ ጨው፣ እንደየቤቱ ልማድ ኮረሪማ፤ በቃ። የተቆላው ገብስ ደረቅ፣ የተነጠረው ቅቤ ደረቅ። እርጥብ ማንኪያ እስካልገባበት ድረስ ሳምንታት ይቆያል፤ የሚሻግተውም ብዙ ጊዜ በዚያች ማንኪያ ምክንያት ነው። የጭኮ ድካሙ ሌላ ነው። ልብስ የለውም። ጣርማ በር ላይ ድንጋይ ሆኖ የከረመ ጭኮ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ቅቤው ይለቅና ከረጢቱን ያጨማልቀዋል። የቶስተር ፔስትሪ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለምግቡ የሚበላ ልብስ አለበሰው።

አሁን ስለ ማኅተሙ። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ስለ ማሳው ይናገራል እንጂ ስለ ስኳሩ አይናገርም። በአሜሪካ ከጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ ከውሃና ከጨው ውጪ ካለው ይዘት ቢያንስ 95 በመቶው በተፈቀደው አሠራር የተመረተ ከሆነ ምርቱ ኦርጋኒክ ተብሎ ይሸጣል። ሸንኮራውም በዚያ መንገድ ከበቀለ ስኳሩ ኦርጋኒክ ይባላል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግን ስኳር ስኳር ነው። 50 ግራም አካባቢ የሚመዝን አንድ ፔስትሪ 200 ያህል ካሎሪ አለው፤ ስኳሩም ብዙ ጊዜ ከ15 ግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ በቀን ከ25 ግራም በታች የተጨመረ ስኳር ቢሆን ይመረጣል ይላል። አንድ የተዘጋ ከረጢት ብዙውን ጊዜ ሁለት ፔስትሪ ይይዛል። ከረጢቱን የከፈተ ሰው ሁለቱንም ይበላል፤ ሰው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከማሸጊያው ላይ መጀመሪያ የሚነበበው ማኅተሙ ሳይሆን «አንድ መጠን» ተብሎ የተቆጠረው ስንት ፍሬ እንደሆነ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ስህተት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የመንዝ ገብስ ማዳበሪያ ስላልነካው ብቻ ኦርጋኒክ ነው ይባላል። ማኅተም የሚሰጠው ግን ማሳው፣ ማከማቻውና ወፍጮው ሁሉ ተመርምሮ ነው፤ ከማሳ ንጹሕ የወጣ እህል ጎተራ ውስጥ በነቀዝ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ለቤት የሚገዛ ሰው ማኅተም መፈለግ የለበትም፤ ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል። ማሳው ላይ ዩሪያና ኤንፒኤስ ተጨምሯል ወይ? እህሉ የነቀዝ ክኒን ተደርጎበታል ወይ? ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነቀዝ እንደ ቆላው አይበረታም፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ የማግኘት ዕድሉ ከደብረ ብርሃን በላይ ባለው አገር ይሻላል። የጅሩ ስንዴ ግን በማዳበሪያ የሚመረት መሆኑ የታወቀ ነው። ይህን መናገር ስንዴውን ማማት አይደለም።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚከተለው ልክ 8 ፔስትሪ ይወጣዋል፦ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 50 ግራም በሶ፣ 140 ግራም ለጋ ቅቤ፣ 15 ግራም ስኳር፣ 4 ግራም ጨው፣ ከ60 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ። የወጥ ቤት ሚዛን ይኑር። በሶ በሲኒ ሲለካ ተጠቅጥቆ ወይም ተነፍቶ ስለሚገባ ልዩነቱ ሊጡን ያበላሻል።

በሶው ለጌጥ የገባ አይደለም። የዳቦ ዱቄት ብቻውን ሲሆን ሊጡ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ሲዳመጥ ይሸሻል፤ ሲጋገር ይኮማተራል። የተቆላ ገብስ ይህን ጉልበት ይሰብረዋል፤ የቆሎ ሽታውንም ይዞ ይገባል። ከጠቅላላው ዱቄት ከአንድ ስድስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ድረስ መልካም ነው። ሲሶ ከደረሰ ጠርዙ አይያያዝም፤ ፔስትሪው ቶስተር ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ገለባው በቀላሉ ከሚለቀው ከሰነፍ ገብስ የተሠራ በሶ ይመረጣል፤ የቀረው ገለባ ስስ ሊጥ ላይ እንደ አሸዋ ጥርስ ላይ ይመጣልና በደቃቅ ወንፊት ደጋግሞ መንፋት ነው። ወፍጮ ቤት ደግሞ ተራን ማየት ያስፈልጋል። ከበርበሬ ኋላ የገባ በሶ ከማርማላታ ጋር አይስማማም።

ቅቤው ሌላ ጣጣ አለው። የገበያ ለጋ ቅቤ አሬራ ይዞ ስለሚመጣ የውሃው መጠን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። በቀዝቃዛ ውሃ እያሹ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ፣ ከዚያ ጨምቆ ማድረቅ ነው። ይህ ከተዘለለ በቅቤው ውስጥ የቀረው ውሃ ዱቄቱን ያለፈቃድ ያቦካዋል፤ ሊጡም ጠንካራ ቂጣ ሆኖ ይወጣል። ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ያለው ሰው 115 ግራም ብቻ ይጠቀም፤ ውሃውን ደግሞ በ20 ሚሊ ሊትር ያህል ከፍ ያድርግ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከለጋው ቅቤ ክብደት ከመቶ 16 እስከ 18 ያህሉ ቅባት አይደለም፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤስ? ለማር ሙሌት ይሆናል፤ ለፍራፍሬ ግን አልመክርም።

ደረቁን ሁሉ ቀላቅሎ ቀዝቃዛውን ቅቤ መክተፍ። ግማሹ ከዱቄቱ ጋር አሸዋ እስኪመስል በጣት ይፈተግ፤ ግማሹ የአተር ፍሬ አክሎ ይቅር። የመጀመሪያው ሊጡን ያለሰልሰዋል፣ ሁለተኛው ሲጋገር ቀልጦ ንብብር ይተዋል። 60 ሚሊ ሊትሩን ውሃ ረጭቶ 5 ደቂቃ መታገሥ። በሶ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ደረቀ ብሎ የቸኮለ ሰው ጨምሮ ጨምሮ ጭቃ ያደርገዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ በጭብጥ ሲጨበጥ ከተያያዘ ይበቃል። አይታሽም፤ ተጨብጦ ተጠፍጥፎ ለሁለት ይከፈልና ተሸፍኖ 1 ሰዓት ያርፋል።

ዕረፍቱ ላይ አገሩ ጣልቃ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፣ መስኮት ይበቃል። ጠዋት ግን ቅቤው ስለሚደነድን ሊጡ ሲዳመጥ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ አቆይቶ በመዳመጫው መታ መታ አድርጎ ማላላት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ እዚያ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ማለዳ መሥራት፣ ዱቄቱንም ጭምር ማቀዝቀዝ፣ በእጅ ከመንካት ይልቅ በቢላ መክተፍ። ቅቤው ሊጡ ውስጥ ከቀለጠ ንብብሩ ጠፍቷል፤ መልሶ ቢያቀዘቅዙትም አይመለስም።

ሙሌቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ነው። ለ8 ፔስትሪ 200 ግራም ተልጦ የተፈገፈገ አፕል፣ 60 ግራም ስኳር (ወይም 75 ግራም ማር)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። አፕልን የምመርጠው በተፈጥሮው የሚያረጋ ፔክቲን ስላለው ነው፤ ደጋው ላይም ይበቅላል። ኮክ ጥሩ ነው፣ ግን ይላላል። የቆላው ማንጎ ጣዕሙ ግሩም ቢሆንም እንደ አፕል አይረጋም፤ ረዘም ያለ እሳት ይፈልጋል።

የውጭ አገር አሠራር መመሪያዎች ማርማላታ 104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ ይውረድ ይላሉ። ይህ ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ማርማላታ የሚረጋው ውሃ ከሚፈላበት በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ከፍ ሲል ስለሆነ፣ እዚህ 95 ወይም 96 ላይ ይበቃዋል። 104 የጠበቀ ሰው የሚያገኘው ማርማላታ ሳይሆን ከረሜላ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ማንኪያውን ይዞ የሚቀር። ሸዋ ሮቢት ላይ ቁጥሩ 100 አካባቢ ይሆናል። ቴርሞሜትር ለሌለው ከዚህ የሚሻል ዘዴ አለ፦ ድስቱን ባዶውን መመዘን፣ ከነይዘቱ መመዘን፣ ይዘቱ ከግማሽ እንዳነሰ ማውረድ። ከ260 ግራም በላይ የጀመረው 130 ሲቀር ደርሷል። ይህ በየትኛውም ከፍታ ይሠራል። ከእሳት ሲወርድ 1 የሾርባ ማንኪያ በሶ መበጥበጥ የቀረውን ልል ውሃ ይጠጣል፤ እኔ ከበቆሎ ስታርች በላይ እወደዋለሁ። ሙሌቱ ሙሉ በሙሉ ካልቀዘቀዘ ሊጥ ላይ አይቀመጥ።

ሊጡ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጥ። ውፍረቱን በዓይን ከመገመት፣ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ዘንጎች ግራና ቀኝ አስቀምጦ መዳመጫውን በላያቸው ማንከባለል ነው። 7.5 በ11 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 16 ቅጠሎች ይቆረጣሉ። ከመቁረጥ በፊት ግን የራስን ቶስተር መለካት፦ ፔስትሪው ሲቆም ጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከላይ ካልታየ ለማውጣት ሹካ ይገባል፤ ሹካና የተሰካ ቶስተር ደግሞ አይገናኙም። በታችኛው ቅጠል ላይ ቁንጥር በሶ ይነስነስ፤ 15 ግራም (ጎደል ያለ አንድ የሾርባ ማንኪያ) ሙሌት በመሐል ይዘርጋ፤ ዙሪያውን ከ1 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ባዶ ይተው። ባዶው በእንቁላል ወይም በውሃ ይርጠብ፤ ላይኛው ቅጠል ይከደን። ከመሐል ወደ ዳር እየተጫኑ አየሩን ማስወጣት፣ ጠርዙን በሹካ መርገጥ፣ ላዩን ሦስት ረድፍ መብሳት። መብሳቱ ለውበት አይደለም። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ በጠርዝ በኩል በርግዶ ይወጣል፤ ማርማላታውም ይከተለዋል። «ትንሽ ሙሌት ልጨምር» የሚለው ልግስና የሚያልቀው ትሪ በመፋቅ ነው።

ለ20 ደቂቃ በድጋሚ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በ180 ዲግሪ፣ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ከ22 እስከ 26 ደቂቃ። በኋላ ቶስተር የሚገባ ከሆነ 20ኛው ደቂቃ ላይ፣ ገና ነጣ ብሎ ሳለ ይውጣ፤ ቀለሙን ቶስተሩ ይጨርሰዋል። እሳቱ ከሥር ብቻ የሆነ የጋዝ ኦቨን ላይ ሁለት ትሪ መደረብ ከሥር እንዳያር ይረዳል። ሊጡ ውስጥ በስኳር ፋንታ ማር የጨመረ ሰው ደግሞ ቶሎ እንደሚጠቁር ይወቅ፤ ማር ከሙሌቱ አይለፍ።

ኦቨን ለሌለው ምጣድ አለ። በጣም ለስላሳ እሳት፣ አክንባሎ ተከድኖ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ከ9 እስከ 10 ደቂቃ። ጎኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጣዕሙ ግን አይጎድልም። ምጣዱ ላይ የወደቀ ጠብታ ውሃ እየዘለለ ከሮጠ እሳቱ በዝቷል።

ከእሳት የወጣው ፔስትሪ በወንፊት ወይም በሽቦ መደርደሪያ ላይ 1 ሰዓት ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ መክተት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስና በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ይጠራል። በደንብ ቀዝቅዞ ጥብቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ የተቀመጠ ደጋ ላይ እስከ 5 ቀን፣ ቆላ ላይ 2 ወይም 3 ቀን ይሄዳል። የፋብሪካው ወራት መቆየቱ አያስቀና፤ የእኛ ሙሌት ስኳሩ ያነሰ ስለሆነ ውሃው በደንብ አልታሰረም። በሁለተኛው ቀን ቅርፊቱ ይለሰልሳል። ውሃው ከሙሌቱ ወደ ደረቁ ሊጥ ስለሚሄድ ነው፤ ያ ቁንጥር በሶ የገባው ይህን ለማዘግየት ነበር። ቶስተር በእርግጥ የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ። በዝቅተኛው ቁጥር አንድ ወይም አንድ ተኩል ደቂቃ፣ ቆሞ እየጠበቁ። የተሰነጠቀ ወይም ከላዩ ስኳር የተቀባ አይገባም፤ የፈሰሰ ስኳር የጋለው ሽቦ ላይ ሲያርፍ ይጨሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። መብራት ከጠፋ ደረቅ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት 2፣ 2 ደቂቃ። ሲወጣም አንድ ደቂቃ መጠበቅ፤ ቅርፊቱ ለብ ሲል ሙሌቱ ገና አፍ ያቃጥላል።

ሂሳቡን በሐቅ እንየው። አንዱ ወደ 300 ካሎሪ ይደርሳል፤ የተጨመረው ስኳር 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቅባቱ ግን ከፋብሪካው ይበልጣል። «ቤት ውስጥ ስለተሠራ ቀላል ነው» የሚል ሰው ካለ ቅቤውን አልመዘነም። ለጤና ብቻ የሚያስብ ሰው በሶውን በውሃና በጨው ጨብጦ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ይህ ፔስትሪ በሻይ የሚበላ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሲኬድ አንዱ የሚበቃ ነገር ነው።

ጾም ሲሆን ቅቤው ይወጣል። ረግቶ የሚቀመጥ የአትክልት ቅባት 115 ግራም ይተካዋል፤ ቅቤዋ የታወቀውን የሸኖን ስም የተዋሰ እንኳ ገበያ ላይ አለ፣ የሸኖ ላሞች ባያውቁትም። ፈሳሽ ዘይት የሚጠቀም 100 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ ንብብር አይጠብቅ፣ እንደ ዳቦ ቆሎ የሚሰበር ሊጥ ነው የሚያገኘው። ይህ ሊጥ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል ካልተዳመጠ መዳመጫው ላይ ይቀራል። ጠርዙን ለማያያዝ ውሃ ብቻ።

ከ16ቱ ቅጠሎች ተርፎ የሚቀር የሊጥ ቁርጥራጭ ይኖራል። ዳግመኛ ተጠቅልሎ ከተዳመጠ ጠንካራ ይሆናል፤ ስለዚህ እንዳለ በጣት ጫፍ ልክ ተከትፎ፣ ትንሽ ጨው ተነስንሶበት፣ ትሪው ዳር ላይ ከፔስትሪዎቹ ጋር ይግባ። በ12 ደቂቃ ይደርሳል፤ ከዋናው ቀድሞ ያልቃል።